አያቴ ያልዘመቱበት አገር

ኮሪያዎች ለትርፍ ጊዜ ሥራ «አልባ» ይላሉ። ቃሉ የራሳቸው አይደለም፤ ከጀርመንኛው «አርባይት» ተነሥቶ፣ በጃፓንኛ በኩል አልፎ፣ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ወገቡ ላይ ተቆርጦ የቀረ ነው። በእኛ አማርኛ ደግሞ «አልባ» ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እንቅልፍ አልባ፣ ዘመድ አልባ እንደምንለው ነው። እኔ በሁለቱም ቋንቋ አልባ ነበርኩ።

ከተማይቱ ቹንቾን ትባላለች። ከሴኡል በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚያልፍ መንገድ የምትገኝ፣ ሐይቅ የከበባት፣ በክረምት ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት። ለእኛ ሰው እንግዳ አገር ብቻ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ቡሳን ወደብ ወርዶ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከዚህችው ከተማ ወዲያ ባሉት ተራሮች ላይ ተዋግቷል። እየተፈራረቁ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 የሚበልጡት ወድቀዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 መጥተው ሐውልቱን መርቀዋል። ከወንዙ ዳር ያለው «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ካፌም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቡናችንን ይሸጣል። በ2007 ደግሞ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት የሾጠጠ የመታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል።

የዘማች የልጅ ልጆች በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ኮሪያ ይሄዳሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አልነበርኩም። አባቴ የቤታችን እንጀራ የነበረችውን ሚኒባስ ሸጠው ነው የላኩኝ። ዩኒቨርሲቲው የክፍያዬን ግማሽ ማረልኝ፤ የቀረው ግማሽ፣ የቤት ኪራዩ፣ ከ2021 ወዲህ ለውጭ ተማሪ ሁሉ ግዴታ የሆነው የጤና መድን፣ ምግቡ፣ ሁሉም በእኔ ጫንቃ ላይ ነበር። የምኖረውም «ጎሺወን» በሚሉት ቤት ነው፤ አልጋዬ ላይ ተኝቼ አራቱንም ግድግዳ መንካት እችል ነበር። ማጋነን አይምሰላችሁ።

ሥራ ፍለጋ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 2022፣ አንድ የዳክጋልቢ ቤት ገባሁ። ዳክጋልቢ የቹንቾን ኩራት ነው፤ ዶሮውን ኮቹጃንግ በሚባል የበርበሬ ድልህ ለውሰው፣ ከጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ደንበኛው ፊት ያበስሉታል። የቤቱ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ፊቴን አይተው ሊመልሱኝ እጃቸውን አነሡ። ከየት እንደ መጣሁ ሲጠይቁኝ «ኢትዮጵያ» አልኩ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ቃኘው?» አሉኝ። «አያትሽ ዘምተዋል?»

አያቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ከባሕር ዳር ወዲያ ያለውን አገር የሚያውቁት በሬድዮ ነው። መሣሪያ ይዘው ያየሁት ዱላቸውን ብቻ ነው።

«አዎን» አልኩ።

«በሕይወት አሉ?»

አንድ ውሸት ብቻውን አይኖርምና «አርፈዋል» አልኩ። ነገ ማታ ጀምሪ ተባልኩ።

ሕጉ ልቅ አይደለም። የውጭ ተማሪ ያለ ኢሚግሬሽን ፈቃድ አንድ ሰሐን ማጠብ አይችልም። ቀጣሪው ይፈርማል፣ ዩኒቨርሲቲው ይፈርማል፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት ይታያል። በዚያን ጊዜ እንደ እኔ ላለ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ነበር የሚፈቀደው፤ በ2023 ወደ 25 ከፍ ብሏል። ቋንቋውን ላለፈ ሰው ቅዳሜና እሑድ፣ የዕረፍት ወራትም አይቆጠሩበትም። የ2022 ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 9,160 ዎን ነበር። በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠራ ደግሞ የሳምንት ዕረፍት ክፍያ ይጨመርለታል፤ ብዙ ቀጣሪ ሠራተኛውን 14 ሰዓት ላይ የሚያቆመው ይህን ለመሸሽ ነው። የእኔይቱ ግን ይህን አላደረጉም፤ ሙሉ 20 ሰዓት ሰጡኝ። በወር ወደ 950,000 ዎን ይመጣል። ኪራይና ምግብ ከፍሎ፣ ለመንፈቁ ክፍያ ትንሽ ትንሽ ያስቆጥባል። መጽሐፍ ግን አይገዛም።

ሥራዬ ምጣድ መፋቅ ነበር። ድልሁ ከብረቱ ጋር ተቃጥሎ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፤ በሙቅ ውኃ ነክረሽ፣ በብረት መፋቂያ ገፍተሽ፣ ወገብሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። በአንድ ማታ አርባ ምጣድ። ሰው ሲበዛ ወደ አዳራሹ እወጣለሁ፤ እዚያ ደንበኞች አስተናጋጇን «ኢሞ!» ብለው ይጠራሉ፤ አክስቴ ማለት ነው። የሃያ አንድ ዓመት ጥቁር ልጅ ስትዞር ሲያዩ የሚደነግጡት ነገር ያሥቀኝ ነበር። ካውያው ይልቅ ያስቸገረኝ ጾሙ ነው። የገባሁት በዐቢይ ጾም፣ የሠራተኛው ራት ዶሮ፣ ኪምቺውም የዓሣ መረቅ ያለበት። ባዶ ሩዝ ስበላ ባለቤቲቱ አዩኝና ምክንያቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዬ ቶፉ ይጠብሱልኝ ገቡ። «ወታደሩም እንዲህ እየጾሙ ነው የተዋጉት?» አሉኝ። ቶፉውን እያላመጥኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

መስከረም ላይ ቹሶክ መጣ። በዓሉ የሙታን መታሰቢያ ያለበት የመከር በዓል ነው፤ ጎሺወን ውስጥ ብቻሽን አታሳልፊም ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። የሰማንያ አንድ ዓመት እናት አሏቸው፣ የኋቾን ተወላጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ልጅ የነበሩ። አሮጊቷ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። አንድ ጥቁር ወታደር ብስኩት እንደ ሰጣቸው፣ ወንድማቸው እንደ ነጠቃቸው፣ እስከ ዛሬ እንዳልረሱት ነገሩኝ። ከዚያ የቅድመ አያቶቹ ጽዋ በተደረደረበት ገበታ ላይ አንድ ትንሽ ጽዋ ጨመሩ። መጠጥ ቀዱበት።

«ይህ የአያትሽ ነው» አሉኝ። «ስገጂላቸው።»

ሰገድኩ። አያቴ በዚያች ሰዓት ደብረ ታቦር ላይ ተማሪ እየገሠጹ እንደ ነበር አውቃለሁ። በሕይወት ላለ ሰው የሙት ጽዋ ማስቀዳት በእኛም አገር በእነሱም አገር ምን እንደሚባል መናገር አያስፈልገኝም። ማታ ስልክ ደውዬ «አባባ፣ ደኅና ነዎት?» አልኳቸው። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ድምፅሽ?» አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ ባለቤቲቱን እንቢ ማለት አቃተኝ። ጥቅምት በቹንቾን የቅጠል መቅላት ወቅት ነው፤ ከሴኡል የሚመጣው ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ያው ጥቅምት የግማሽ መንፈቅ ፈተና ነው። «ዛሬ ትንሽ ቆዪልኝ» ይሉኛል፤ እቆያለሁ። ሃያው ሰዓት ሠላሳ ሆነ፣ ሠላሳ አምስት ሆነ። ትርፉ በፖስታ ይሰጠኛል። ቢደረስብኝ ፈቃዴ ይሰረዛል፣ ቅጣት አለው፣ ከበደም ከአገር እስከ መውጣት ያደርሳል፤ ይህን እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ሥራ ማብዛታቸውን በደል ነው እንዳልል ቶፉውና ጽዋው አፌን ያዙት። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ፖስታውን ወድጄው ነበር።

የጠዋት ሦስት ሰዓቱ የስታትስቲክስ ክፍል ላይ ተደፍቼ መተኛት ጀመርኩ። ቀጥሎ መቅረት ጀመርኩ። በእኛ ዩኒቨርሲቲ ከክፍለ ጊዜው ሩብ የቀረ ተማሪ፣ ፈተናውን ቢደፍነውም ወዳቂ ነው። የፈተናው ውጤት ሲለጠፍ ከመቶ 31 አገኘሁ። የአባቴ ሚኒባስ ታርጋ ቁጥር ትዝ አለኝ። ለምን እሱ እንደ ሆነ አላውቅም።

አንድ እሑድ ሌሊት፣ ምጣዶቹን ነክሬ ስጨርስ፣ «ሳጃንግኒም፣ አያቴ አልዘመቱም» አልኩ።

ባለቤቲቱ ገንዘብ ይቆጥሩ ነበር። ቆጠራቸውን ጨረሱና በላስቲክ አሠሩት።

«ታዲያ ምን ነበሩ?»

«የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። በሕይወት አሉ።»

«እናቴ ጽዋ ያቀረቡት በሕይወት ላለ ሰው ነው?» ብለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሣቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም። እጃቸውን ሲያነሡ ፊታቸው ደረቅ ነበር። «የጠየቅሁሽ ዘምተው እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ ካልዘመቱ አልቀጥርሽም አላልኩም» አሉኝ። ይህ እንኳ እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ የተነሣችውን እጅ አይቻታለሁና። ከዚያ «ለእናቴ እንዳትነግሪ፤ ዕድሜያቸው አይችለውም» ብለው መብራቱን አጠፉ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ የሰዓት ሰሌዳ ተለጠፈ። ስሜ ፊት 20 ተጽፏል፤ አንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ አይጐድልም። ሁሉም በባንክ ይገባል። አራት ሰዓት ሲሆን መፋቂያዬን ይቀበሉኛል። ፖስታው ቀረ፤ ቶፉውም ቀረ፤ ረቡዕና ዓርብ ሩዜን በባሕር ቅጠል መጠቅለል ለመድኩ። አልፈርድባቸውም። ስታትስቲክሱን በዚያ መንፈቅ ወደቅሁ፣ በጸደይ ደግሜ ወሰድኩት፣ አለፍኩ። ለድጋሚው የከፈልኩት በዚያው በፖስታው ገንዘብ ነው።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ቆይቷል። በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 10,000 ዎንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ፣ የምጣዱ ዋጋ ጨመረ ብዬ ለብቻዬ ሣቅሁ። ለቹሶክ ግን ዛሬም እጠራለሁ። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ እግሬ ሲገባ በድምፁ ይለዩኛል። «የወታደሩ ልጅ መጣሽ?» ይሉኛል፤ ባለቤቲቱ ወደ ማድቤት ዘወር ይላሉ። ትንሿ ጽዋ ከሌሎቹ ጋር ተደርድራለች። እኔም «መጣሁ፣ እማማ» ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ።