ምስሉ ቀድሞ፣ ማብራሪያው ዘግይቶ

በ1965 ዓ.ም. መስፍን ወልደ ማርያም፣ አብርሃም ደሞዝና አሉላ አባተ የተባሉ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ረኃቡን በዓይናቸው ተመለከቱ። ያዩትን በመምሪያቸው መዝገብ አላስቀሩትም፤ ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ለተመልካች አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ለተራቡት ብዙ እርዳታ አስገኘ። ያው ፊልም ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተሰባጥሮ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ቀረበ።

ምስሉ እውነት ነበር፤ ፍቺው ግን በአቀናባሪው እጅ ወደቀ። ምስል ማን እንደተራበ ያሳያል፤ ገበሬው ስለ ምን ለረኃብ እንደተጋለጠ ግን ብቻውን አይናገርም። መስፍን ይህንኑ በሰፊው የመረመሩበት መጽሐፍ የታተመው ከ10 ዓመት በኋላ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው።

በማስረጃና በማብራሪያ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ዛሬም አልተዘጋም። የዋድላ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ኮንን እናስብ። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ከክረምቱ ሌላ የበልግን ዝናብ ይጠብቃል። የወቅት ትንበያ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይገልጻል። ተመራማሪው «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ብሎ ቢያበቃ፣ ጋዜጠኛው «ድርቅ ሊመጣ ነው» ብሎ ሊዘግብ፣ ገበሬውም ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ሊሸጥ ይችላል። ዝናቡ ከጣለ ገበሬው በልጉን ያጣል፤ የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያም ሰሚ ያጣል። «እንዲህ ያለ ትንበያ 20 ጊዜ ቢሰጥ፣ 9 ጊዜ ያህል ዝናቡ ያንሳል፤ 11 ጊዜ ያህል አያንስም» ቢባል ግን ገበሬው ከፊሉን ዘርቶ ከፊሉን ለማቆየት የራሱን ሒሳብ ይሠራል።

ስለዚህ ተመራማሪ ለጋዜጠኛ ከመናገሩ በፊት ግኝቱንና የግኝቱን ወሰን በማይነጣጠል አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘጋጅ፤ አኃዙም ከመታተሙ በፊት እንዲጣራ ራሱን ለጥያቄ ክፍት ያድርግ። ዋድላ የቅኔ አገር ነው፤ ቅኔ ወርቁን በሰም ሲሸፍን ይመሰገናል። ዘር በእጁ ይዞ ሰማይ ለሚመለከት ገበሬ የሚነገር ትንበያ ግን ወርቁ በግልጥ ሊታይ ይገባል።