አጃይል በሽምደዳ?



እኛ የመድረሳ ልጆች ነን፤ ኮድ አንጽፍም። ግን ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂድ ቁጭ ብለው የሚያጠኑ ተማሪዎች ስላሉን አጃይል፣ ስክረም፣ ስፕሪንት የሚሉት ቃላት ለጆሯችን አዲስ አይደሉም። ፈተና ሲደርስ "4ቱ እሴቶች፣ 12ቱ መርሆች" እያሉ ሲሸመድዱ እንሰማለን።

ነገሩ በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ 17 ባለሙያዎች ተገናኝተው ያወጡት መግለጫ ነው። ፍሬ ነገሩ፦ ትንሽ ሥራ፣ ለባለጉዳዩ አሳይ፣ የሚልህን ሰምተህ አስተካክል። ስክረም ሥራውን ከአንድ ወር በማይበልጥ ዙር ይከፍለዋል፤ ስፕሪንት የሚሉት ይህንን ነው። በየቀኑ የ15 ደቂቃ ስብሰባም አለው።

ታዲያ ይህ በቃል የሚያዝ ነገር ነው?

ባለፈው ዓመት ሦስት ተማሪዎች ለኮርሳቸው ፕሮጀክት የመድረሳችንን መዝገብ በኮምፒውተር ሊሠሩልን መጡ። አንድ ቀን ጠየቁን፣ ጻፉ፣ ሄዱ። የተመለሱት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። ማሻአላህ፣ ያማረ ነበር! ግን ልጆቹን በክፍል ነበር የሚደለድለው። እኛ ዘንድ አንደኛ፣ ሁለተኛ ክፍል የለም። የ7 ዓመቱ ልጅ ጁዝ ዐምማን ጨርሶ የ12 ዓመቱ ገና አሊፍ ባ ላይ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን እንኳ ቢያሳዩን ኖሮ በአንድ ቃል እንነግራቸው ነበር። መዝገባችን እስከ ዛሬ በደብተር ነው።

እነሱ ጥሩ ማርክ አገኙ፤ ሰነዱ የተሟላ ነበርና። (መግለጫው ከተሟላ ሰነድ ይልቅ ለሚሠራ ሶፍትዌር ቅድሚያ ይሰጣል!) "ስፕሪንት 1፣ ስፕሪንት 2" የሚለው ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት እንደተጻፈ እየሳቁ ነገሩን።

ልጆቹን አንወቅስም። ማርኩ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ተማሪውም የሚሮጠው መጨረሻ ላይ ነው። ደረሳ በየቀኑ ጥቂት አንቀጽ ኡስታዙ ፊት ያሰማል፣ ስህተቱ እዚያው ይታረማል። ሠላሳውን ጁዝ ለብቻዬ ሐፍዤ በዓመቱ መጨረሻ ላሰማ የሚል አላየንም። መምህራንም ማርኩን በየሁለት ሳምንቱ ባለጉዳዩ ፊት ለሚታይ ሥራ ቢከፋፍሉት ትምህርቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የየቀኑ ስብሰባ አምስት ስድስት ኮርስ ለያዘ ተማሪ ይከብዳል፤ በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ምንም አይደል። የባለጉዳዩ መቅረት ግን ሥራውን ባዶ ያደርገዋል።

መምህራችሁ ባያዝዛችሁም እናንተ ጀምሩት። የሰፈሩን ባለሱቅ ወይም ፋርማሲ በየሁለት ሳምንቱ 20 ደቂቃ ለምኑ። የእኛም ደብተር እየጠበቃችሁ ነው፤ ኢንሻአላህ ከዐስር በኋላ አለን።