ደማችሁን ታውቁታላችሁ?

ዛሬ ደም ልሰጥ ሄጄ ነርሷ ጣቴን ወጋ አድርጋ ጠብታዎቹን ነጭ ሰሌዳ ላይ አሳረፈቻቸው። በአንዱ ሰማያዊ፣ በሌላው ቢጫ ፈሳሽ ጨመረችበት።

ሰማያዊው የነካው ወዲያው ጓጉሎ አሸዋ መሰለ፤ ሌላው እንደነበረ ቀረ። «ደምህ ኤ ነው» አለችኝ።

ካርል ላንድስታይነር የተባለ የቪየና ሐኪም በ1901 (እ.ኤ.አ.) ይህን የደም ዓይነት ልዩነት እስኪደርስበት ድረስ ለታማሚ ደም መስጠት እጅግ አስጊ ነበር። ስንቱ የማይስማማው ደም ገብቶበት ሞቷል!

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የቀይ የደም ሴል ዕድሜ 120 ቀን ገደማ መሆኑ ነው። ሰውነታችን ሳናዘው ሌት ተቀን አዲስ ይተካል። ለታማሚ የሚበቃ ደም ማምረት የቻለ ፋብሪካ ግን እስከ ዛሬ የለም፤ ምንጩ ሰው ብቻ ነው።

የእናንተስ የደም ዓይነት ምንድን ነው? የማታውቁ ካላችሁ ደም ባንክ ጎራ በሉ፤ ስትለግሱ ይነግሯችኋል።