ቁራሌው ሳይቀድመን፤ የላፍቶን ጌም ቤቶች እንጎብኝ

አንባቢ ሆይ፤ የአዲስ አበባን ደቡብ ሳያዩ «ከተማውን አውቀዋለሁ» ማለት የመጽሐፍን ግማሽ አንብቦ ስለ ፍጻሜው እንደ መከራከር ነው። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሚያስቸኩል ጉዳይ ከሌለዎ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥተው በሳር ቤትና በመካኒሳ በኩል፣ ወይም በጎፋ አድርገው ወደ ላፍቶ ይውረዱ። ከታክሲ ሒሳብ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም። ነገር ግን አስቀድመን እናስታውቅዎ፤ የምናሳይዎ ቤተ መንግሥት ወይም ፏፏቴ አይደለም። በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ፣ በውስጡ ልጆች የሚጯጯኹበት አንድ ጠባብ ክፍል ነው።

ከመግባታችን በፊት ስለ ሰፈሩ ስም ጥቂት እንበል። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚጠራው ንፋስ ስልክ ደግሞ ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የወጣ ስም ነው። መልእክት ያለ ሽቦ በነፋስ ተጭኖ ሲመጣ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊለው ኖሯል? ሁለቱ ስሞች ተጣምረው ዛሬ የክፍለ ከተማው መጠሪያ ሆነዋል። ከዚህም አንድ ነገር እንማራለን፤ ሕዝባችን ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ሲያይ መጀመሪያ ስም ያወጣለታል፤ ቀጥሎም የራሱን ደንብ አውጥቶለት የራሱ ያደርገዋል።

ዛሬ ግራሩ ሳስቷል፤ በቦታው ፎቅና ኮንዶሚኒየም በቅሏል። በጀሞ በኩል የጋራ ቤቶቹ ተደርድረው ይታያሉ። በለቡ በኩል በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ አለ። ሰው በበዛበት ልጅ ይበዛል፤ ልጅ በበዛበትም ጨዋታ አይጠፋም።

የጌም ቤት ወግ

እንግዲህ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ይታጠፉ። ጌም ቤቱን ለማግኘት ምልክት አያስፈልግዎትም፤ ጩኸቱ ይመራዎታል። ምናልባት ከደጁ ላይ ጆተኒ ቆሞ ያዩ ይሆናል። እርሱ የጨዋታው ታላቅ ወንድም ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ እጅና ጉልበት ብቻ ይበቃዋል። መጋረጃውን ገልጠው ሲገቡ ግን አግዳሚ ወንበር፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ በየቴሌቪዥኑም ሥር አንድ አንድ ጥቁር ሣጥን ያገኛሉ። ሣጥኑ እንደ ባለቤቱ አቅም አዲስ ወይም አሮጌ ነው። እኛ የምንፈልገው አሮጌውን ነው።

ፕሌይስቴሽን 2 የተባለውን መሣሪያ የጃፓኑ ኩባንያ ሶኒ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር። በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በ2013 መሠራቱ ቆመ። በሌላ አገር ይህ ዕቃ ወይ ከሰገነት ላይ ተጥሎ አቧራ ይለብሳል፣ ወይ ሰብሳቢ ገዝቶ በመስታወት ቁም ሣጥን ያኖረዋል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ግን ብዙ ዓመት ሠርቶ ቤተሰብ አስተዳድሯል። ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ጠጋኙ በጥጥና በአልኮል ይጠርገዋል፤ እምቢ ሲልም ትንሿን ብሎን በመጠኑ ያዞራታል። ከሦስት የሞቱ መሣሪያዎች አንድ ሕያው ያወጣል። የጆይስቲኩ ዱላ ሲላላ ከሌላው ነቅሎ ይተክልበታል። ይህን ሙያ ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም፤ ያስተማረው ዕቃው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ። ሒሳቡ በጨዋታ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ የተሸነፈው ጆይስቲኩን ለተረኛው ያስረክባል፤ ያሸነፈው ይቀጥላል። አንዱ አርሴናልን፣ ሌላው ማንቸስተርን ይዞ ሲገጥም፣ ዘጠና ደቂቃ የሚባለው ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ድንገት መብራት ቢጠፋ ደግሞ ክርክር ይነሣል፤ የገባው ግብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ከፋዩ ማን ነው? ለዚህ ሁሉ ደንብ አለ። ደንቡን ግን ሶኒ በመምሪያው ላይ አልጻፈውም፤ ያወጡት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሰፈር ሲለወጥ ደንቡም ይለወጣል።

መቸም ወላጆች ጌም ቤትን እንደማይወዱ እናውቃለን፤ ምክንያትም አላቸው። በትምህርት ሰዓት መጋረጃው ኋላ የተገኘ ልጅ የሚጠብቀውን እርስዎም አይዘነጉትም። ነገር ግን አንድን ነገር መውቀስ ሌላ፣ ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። የከተማ ልጅ ትርፍ ጊዜውን እንዴት እንዳሳለፈ ሳይጻፍ ከቀረ፣ የከተማው ታሪክ የሹማምንትና የሕንፃ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በባሕር ማዶ እንዴት ይደረጋል?

አሮጌ የቪዲዮ ጌም መሰብሰብ በባሕር ማዶ ትልቅ ፍቅር ነው፤ ትልቅ ገንዘብም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ማሸጊያው ያልተከፈተ አንድ የሱፐር ማሪዮ 64 ቅጂ በአሜሪካ ጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። እውነተኛው ሰብሳቢ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚሻው። ዕቃውን በእጁ ከያዘ በኋላ የሠራውን ሰው ለማየት ይናፍቃል። ስለዚህ ሰብሳቢዎችና ፈር ቀዳጆች የሚገናኙባቸው ጉባኤዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ በ1999 በላስ ቬጋስ የተጀመረው የጥንታዊ ጌሞች ትርኢት ነበር።

ፈር ቀዳጆቹ እነማን ናቸው? በቤት ቴሌቪዥን ላይ መጫወት ይቻላል ብሎ በ1966 ያሰበው ራልፍ ቤየር የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ከሐሳቡ የተወለደው ኦዲሲ የተባለ መሣሪያ በ1972 ለገበያ ወጣ። በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተባለውን የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ በአንድ የካሊፎርኒያ መጠጥ ቤት ለሙከራ አቆመ። ጥቂት ቆይቶ «ማሽኑ ተበላሸ» ተብሎ ጠጋኝ ቢጠራ፣ የተገኘው ጥፋት የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ሞልቶ መፍሰሱ ነበር ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የጄሪ ላውሰን ታሪክ ነው። ላውሰን በ1940 በኒውዮርክ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ የሰው ቴሌቪዥን እየጠገነ ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ልክ እንደ ሰፈራችን ጠጋኞች። በ1976 ለገበያ የወጣውን የፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ ሥራ የመራው እርሱ ነው። ከዚያ በፊት የቤት ጌም ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራውን ብቻ ያጫውት ነበር፤ ከቻናል ኤፍ ወዲህ ግን ካርትሪጅ እየቀያየሩ በአንድ መሣሪያ ብዙ ጨዋታ መጫወት ተቻለ። ዛሬ በላፍቶ አንድ ልጅ ዲስክ ነቅሎ ሌላ ዲስክ ሲያስገባ፣ የዚያን ሰው መንገድ እየተከተለ ነው። ታዲያ የሙያ ባልደረቦቹ በአደባባይ ያከበሩት በመጋቢት 2011 ነበር። ላውሰን በሚቀጥለው ወር፣ በሚያዝያ 9 ቀን እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ምስጋናው የደረሰው በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ ሁሉን አላዳኑም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጥንታዊ ጌሞች 87 ከመቶ የሚሆኑት ዛሬ በገበያ አይገኙም። በ1983 አታሪ ያልተሸጡለትን ካርትሪጆች በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበራቸው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ቦታው ተቆፈረ። ከተቀበሩት ጌሞች አንዱን፣ ኢ.ቲ. የተባለውን፣ በአምስት ሳምንት ያህል ጊዜ የሠራው ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በቁፋሮው ቦታ ቆሞ ሥራው ከአፈር ሲወጣ ተመለከተ። ከወጡት አንዱ ዛሬ በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል። ትናንት ጥራጊ የነበረው ዛሬ ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

የእኛ ሰብሳቢ ማን ነው?

አሁን ወደ ላፍቶ እንመለስ። በእኛ ሰፈር አሮጌ ጌም የሚሰበስብ ሰው የለም ካሉን ተሳስተዋል፤ አለ። ጠዋት ጠዋት በየደጁ «ቁራሌው!» እያለ የሚያልፈው እርሱ ነው። ጆንያውን በትከሻው አንግቶ የተሰበረውን ጆይስቲክ፣ የተቃጠለውን ሣጥን፣ ሆዱ የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን በጥቂት ብር ይገዛል። ዕቃው ተሸክሞት ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራና ወደ መሰሎቹ ይደርሳል፤ በዚያም መዳቡ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ ይለያል። ቁራሌውን አንወቅሰውም፤ ከተማውን ከቆሻሻ የሚያድን፣ ለአሮጌ ነገር ሁሉ አዲስ ሕይወት የሚሰጥ ትጉህ ሰው ነው። ነገር ግን እርሱ የሚመዝነው ብረቱን ነው፤ በዚያ ሣጥን ላይ ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ ቤቱን ማን በየትኛው ዓመት እንደከፈተው፣ በሚዛኑ ላይ አይወጣም።

ጊዜውም እየቸኮለ ነው። ጨዋታው ወደ ኪስ ስልክ እየገባ ነው። በከተማውም በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ መንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ተነሥተዋል። መንገዱ መስፋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቤት ሲነሣ አግዳሚውም፣ ደንቡም፣ ወሬውም አብረው ይነሣሉ።

ከዚህ በፊት ምን እንደጠፋብን እናስታውስ። ሰንጠረዥ የተባለው የመኳንንቱ ጨዋታ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ ድንቅ ደንብ ነበረው፤ በመጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ የረዳን በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ ዋልተር ፕላውደን ያሉ የውጭ አገር ሰዎች ስለጻፉት ነው። የገበጣም ነገር እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ሰፊ ጥናት አወጡ። ውድ የሆነ ገበጣ ገዝተው በመደርደር አላበቁም፤ በየአገሩ ያለውን አጨዋወት ከሕዝቡ ሰበሰቡ። ዛሬ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ገበጣን በስልክ ላይ ለመጫወት ሲያበቃው፣ ጨዋታው ደንቡን ከሚያውቅ ትውልድ ወደ ሌላው መተላለፉን ያሳያል። ይኸው ድርጅት ኩኩሉ የተባለ፣ ዶሮ ከአሳዳጅዋ የምትሮጥበት የራሳችን ጌምም አውጥቷል። መሥራቹን ዳዊት አብርሃምን የመሰሉ ወጣቶች የነገዎቹ ፈር ቀዳጆች ናቸው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

መሰብሰብ የሀብታም ሥራ ነው ብለው አይፍሩ። ተማሪ ከሆኑ ደብተር አለዎት፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ መዝገብ መያዝ ሙያዎ ነው። ላፍቶ ሲወርዱ አንድ ጨዋታ ይክፈሉ፤ ቢሸነፉም አይቆጡ። ከዚያ የቤቱን ባለቤት በአክብሮት ይጠይቁ፤ ቤቱ መቼ ተከፈተ? የመጀመሪያው መሣሪያ ምን ነበር? ከየት ተገዛ? አንድ ጨዋታ ያን ጊዜ ስንት ነበር? ጠጋኙንም አይርሱት፤ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠውን የሚያውቀው እርሱ ነው። ልጆቹን ደግሞ ስለ ደንባቸው ይጠይቋቸው፤ መብራት ሲጠፋ ማን ይከፍላል? የነገሩዎትን ሁሉ ከነቀኑ ይጻፉ፤ ስማቸው እንዲጻፍ ካልወደዱ ስሙን ይተዉት።

አቅም ካለዎ የሞተ መሣሪያ አንድ ይግዙና በካርቶን ያስቀምጡ፤ ዋጋው ቁራሌው ከሚከፍለው እምብዛም አይበልጥም። በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስለ ልጅነትና ስለ ጨዋታ የሚናገር ክፍል አለ። የከተማው ልጅ ጨዋታም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ቢያገኝ የሚደንቅ አይደለም። ያን ጊዜ ግን ሣጥኑ ብቻውን ቢቀርብ ዲዳ ነው፤ የሚያናግረው የእርስዎ ደብተር ነው።

ባሕር ማዶ ያለው ሰብሳቢ ፈር ቀዳጁን ለማየት በአውሮፕላን ይሄዳል። የእርስዎ ፈር ቀዳጅ ግን በአንድ ታክሲ መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬም ቤቱን ከፍቶ አግዳሚውን ጠርጎ ደንበኛ ይጠብቃል። ወደ እርሱ የሚሄዱ ከሆነ ቅዳሜን አያሳልፉ፤ ቁራሌው ማልዶ ይነሣልና።