ሰባት ቤት መቁጠር



በእረፍታችን የኮሎምቢያዊውን ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በእንግሊዝኛ አነበብን። መጽሐፉ የታተመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ከዒሻ በኋላ ስንወያይ ግን አልተስማማንም።

በቡየንዲያ ቤተሰብ ሰባት ትውልድ ውስጥ አውሬሊያኖና አርካዲዮ የሚባሉት ስሞች እየተደጋገሙ ብዙዎቻችንን አደናግረውናል፤ የዘር ሐረጉን ወረቀት ላይ እስከመሳል ደርሰናል። አንድ ወንድማችን «ሴት ልጅ ከነአንሶላው ወደ ሰማይ ወጣች ይላል፤ ይህ ኹራፋት አይደለም ወይ?» አለ። አንዲት እህታችን «ልብ ወለድ መሆኑን እያወቅን ነው የምናነበው፤ ደራሲው የአያቱን አተራረክ ነው የያዘው» ብላ መለሰች።

ሁላችንንም ዝም ያሰኘን መርሳቱ ነው። የማኮንዶ ሰዎች የዕቃ ስም እንዳይጠፋባቸው በየዕቃው ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ። በኋላ ግን የሙዝ እርሻ ሠራተኞች በጥይት ሲያልቁ ከተማው «ምንም አልሆነም» ይላል። ግድያው ከባዶ የተፈጠረ አይደለም፤ በ1928 እ.ኤ.አ. ሲየናጋ ላይ በእውነት ደርሷል።

ከዚያ ወደ ራሳችን ዞርን። የሌላ አገር ቤተሰብ ሐረግ ስንስል ያመሸን ልጆች፣ የራሳችንን ሰባት ቤት መቁጠር የቻልነው ሁለት ብቻ ነበርን። አፈርን።

ለዒድ ወደ ቤት ስንሄድ ደብተር ይዘን ነው፣ ኢንሻአላህ። አላህ አያቶቻችንን ያቆይልን፤ ያለፉትንም ይማርልን። አሚን።