የአጎቴ መልህቅ

ባለፈው መስከረም ለሦስት ሳምንት ሲያትል ነበርኩ። አጎቴ ኤርፖርት ሲቀበሉኝ፣ ሻንጣዬ መኪና ላይ ሳይጫን፣ “አንተ ልጅ፣ ካቻቢቴ መያዝ ታውቃለህ?” ብለው ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በማግስቱ ግን ሺልሾል በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ፣ አንዲት አሮጌ ጀልባ ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ።

ሺልሾል ከሲያትል ሰሜን ምዕራብ፣ ባላርድ ከተባለው ሰፈር ዳር ይገኛል። ከሺህ በላይ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረውበታል። ሰማዩ ሲጠራ ከውኃው ማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች ይታያሉ።

አጎቴ የ74 ዓመት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ አገልግለዋል፤ “ኢትዮጵያ” በተባለችው መርከብ ላይ መልህቅ ከሚጥሉትና ከሚያነሱት አንዱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው ያቺ መርከብ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በዚያው ቀረች። እሳቸው ቀደም ብለው በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ አገር አውቶቡስ ሲነዱ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ ይህችን ጀልባ ገዙ።

ችግሩ መልህቁ ነው። ሰንሰለቱ 40 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። የሚያነሳው የኤሌክትሪክ መጎተቻ ከተበላሸ ከርሟል። አጎቴ ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ስለሆኑ በእጅ መሳብ አይችሉም፤ አዲስ ይገዛ ቢባል ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ልጃቸው ቁርጡን ነገረቻቸው፤ “አባዬ፣ ወይ ይሠራ፣ ወይ ጀልባዋ ትሸጥ።”

ማብሪያውን ስንጫን “ጧ” ይላል እንጂ አይዞርም። እኔ ሞተሩ ተቃጥሏል ብዬ ፈረድኩ። አጎቴ ግን ቴስተራቸውን አወጡ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ማብሪያው ተጭኖ ሞተሩ ጋ ሲለካ ግን 7 ሆኖ ተገኘ። “ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል” አሉ። የኬብሉን ጎማ ስንልጥ መዳቡ ጠቁሮና አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሞተር ከ80 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ በዛገ ሽቦ መነሳት አይችልም።

ከዚያ በኋላ ባትሪውን አላቀን መጎተቻውን ለመፍታት ተነሳን። የብረት ቡሎኖቹ ከአሉሚኒየሙ ጋር በጨው ተጣብቀዋል። አንዱን ልበጥሰው ስል እጄን ያዙኝ። “ጨው ይህን የሠራው በሃያ ዓመት ነው፤ አንተ በአምስት ደቂቃ ልትፈታው?” ዘይት ጠብ አደረግን፣ አሞቅን፣ በመዶሻ ቀስ ብለን መታን። አራት ቡሎን አንድ ቀን ፈጀብን።

የማርሹ ዘይት ወተት መስሏል፤ ፓራኦሊዮው አርጅቶ የባሕር ውኃ አስገብቷል። ከሞተሩ ካርቦኖች አንዱ ቤቱ ውስጥ ተጣብቋል። ጠርገን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣ ፓራኦሊዮና ዘይት ቀይረን፣ አዲስ ወፍራም ኬብል ዘረጋን። የወጣው ገንዘብ ከአዲሱ ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

እሑድ፣ ልጃቸውም ባለችበት፣ ያለ ጀልባ ወደማይደረስባት ወደ ብሌክ ደሴት ሄድን። መልህቁን ጣልን፤ ምሳችንን እንጀራ በጥብስ በላን። የማንሳቱ ሰዓት ሲደርስ ማናችንም አልተናገርንም። አጎቴ በጀልባዋ ሞተር ቀስ ብለው ወደ መልህቁ ተጠጉ። “መጎተቻው ሰንሰለት ያነሳል እንጂ ጀልባ አይስብም” እያሉ ሰንሰለቱ እስኪላላ ጠበቁ። ከዚያ “ተጫኚው!” አሏት።

ልጃቸው ተጫነችው። ማርሹ አጉረመረመ፤ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ወጣ። መልህቁ ግራጫ ጭቃ ተሸክሞ ብቅ ሲል አጎቴ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩና አሸተቱት።

“የምጽዋን ይመስላል፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“አይመስልም” አሉ። ቆየት ብለውም “ግን ጭቃ ነው” ብለው ፈገግ አሉ።

ልጃቸው ባልዲ አንስታ ሰንሰለቱን ታጥብ ጀመር። ስለ መሸጥ ያነሳ ሰው አልነበረም። ስንመለስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አባዬ፣ ያ ዘይት በስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው?”