የሚጠብቅልኝ ወይስ የሚጠብቀኝ?

የአባቴ የጡረታ ፋይል ከአንድ መሥሪያ ቤት ጠፋ ከተባለ ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ እናቴን፣ “እማዬ፣ እንባ ጠባቂ ዘንድ አቤት እንበል” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ “እንባዬን የሚጠብቅልኝ ነው ወይስ እስካለቅስ የሚጠብቀኝ?” አለችኝ።

ሳቅኩ። በኋላ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። እውነቷን እኮ ነው! በእኛ ቋንቋ ዘበኛም ይጠብቃል፣ ወረፋ የያዘም ይጠብቃል።

ተቋሙ ከነሐሳቡ የመጣው ከስዊድን ነው፤ ኦምቡድስማን ይሉታል። “ቡድ” መልእክት ወይም ትእዛዝ ማለት ነው። ከፊቱ “ኦም” ሲገባበት “ኦምቡድ” ይሆናል፤ በሌላው ስም እንዲሠራ ሥልጣን የተሰጠው፣ በእኛ አማርኛ ወኪል። “ማን” ሰው ነው፤ መሐል ያለችው “ስ” ማያያዣ ናት። (ሴት ብትሾምም ያው “ማን” ነው የሚሏት፤ በዚህ እንኳ የእኛው ይሻላል።)

ነገሩን የጀመረው ንጉሥ ነው። ካርል 12ኛ ፖልታቫ ላይ በሩሲያ ተሸንፎ ኦቶማን ግዛት ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 እዚያው ሆኖ፣ አገር ቤት ሹማምንቱ ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተልለት ኦምቡድስማን አቋቋመ። ያኔ ወኪልነቱ ለንጉሡ ነበር። በ1809ኙ ሕገ መንግሥት ግን ፓርላማው የራሱን መምረጥ ጀመረ። ቃሉ ሳይለወጥ ላኪው ተለወጠ።

እኛ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገባነው፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 211 ተቋቋመ። “የሕዝብ ተወካይ” እንዳይባል ስሙ በፓርላማው ተይዟል። እናም “እንባ” ተባለ። ቃሉ ልብ ይነካል፣ አልክድም። “የድሃ እንባ” ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግን እዚያ ባለጉዳዩ ወኪል ሲልክ፣ እዚህ እንዲሰማ ማልቀስ አለበት ማለት ነው?

እናቴ አላለቀሰችም። ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ስላላት ውክልና ሰጠችኝ። አቤቱታውን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ “ለቅሶ አታስገባበት፤ ቀኑንና የፋይሉን ቁጥር ጻፍ” አለችኝ።

በማግስቱ ይዤው ስሄድ ጸሐፊዋ፣ “ለባለጉዳይዋ ምናቸው ነዎት?” ብላ ጠየቀችኝ። ልጃቸው ነኝ ልል ነበር።

“ወኪላቸው ነኝ” አልኩ።